ገና እያየነው ነው

ዘንድሮ በመሪጌታ ልሳነወርቅ ሙት ዓመት ላይ፣ ዳሱ ውስጥ ተቀምጠን ጠላችንን ስንጠጣ፣ የእህቴ ልጅ ጽዮን ከአውሮጳ ይዛው የመጣችውን ወሬ አወጋችን። ልጅቱ የሕግ ሰው ናት፤ መሥሪያ ቤቷ ለሥልጠና ልኳት ነበር። እዚያ የጎበኘችው ፓርላማ ውስጥ አንድ ኮሚቴ አለ አለች። ሥራው ከአውሮጳ ኅብረት የሚወርደውን ረቂቅ ሕግ ሁሉ እየተቀበሉ መመርመር ነው። ቀላሉን ያሳልፋሉ፤ ከበድ ያለውን «ገና እያየነው ነው» ብለው ይይዙታል። እነሱ መርምረው እስኪጨርሱ ድረስ የአገራቸው ሚኒስትር ከሌሎቹ ጋር ተሰብስቦ «ተስማምቻለሁ» ማለት የለበትም። «ሚኒስትሩ እኮ ነው አክስቴ! ቁጭ ብሎ ይጠብቃቸዋል» አለችኝ ዓይኗ በርቶ። ሳቄ መጣ፤ ጠላው ትን ሊለኝ ምንም አልቀረው። «ምኑ ነው የሚያስቅሽ?» ስትለኝ «ይሄማ እዚሁ መካነ ሰላም ነበረን» አልኳት። አላመነችኝም። የዛሬ ልጅ ደህና ነገር ሁሉ በአውሮፕላን የሚመጣ ይመስላታል። እናቷ፣ ታላቅ እህቴ የሺ፣ ዋንጫዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም ብላ ታዳምጣለች። እሷ ሁሉንም ታውቃለች። እንዲያውም ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ያኔ መካነ ሰላም እንዲህ ፎቅ ሳይወጣባት፣ ባጃጅ ሳይርመሰመስባት፣ አንድ ረጅም የጭቃ መንገድ ብቻ ነበረች፤ ግራና ቀኟ ቆርቆሮና የሣር ክዳን የተደባለቀባት። መናኸሪያው ጥግ ካሴት የሚቀዳ ጎረምሳ ሱቅ ነበረው። የቴፑ ድንጋይ ሲደክምበት አውጥቶ ቆርቆሮው ላይ ፀሐይ ያስመታዋል። ያ ድንጋይ ጨርሶ እስኪሞት ድረስ ደግሞ የዘፋኟ ድምፅ እየተጎተተ እየተጎተተ የወንድ ይሆናል፤ እኛም የወንዱንም ድምፅ ቢሆን ቆመን እንሰማለን፤ ምን አማራጭ ነበረን! ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ በአሥር ሳንቲም ነው። አንድ ብር ይዞ የገባ ሰው ጓደኞቹን ጋብዞ፣ መልሱን ቆጥሮ፣ ደረቱን ነፍቶ ይወጣል። እኔ አስተማሪ ነበርኩ። ቴትሮን ጉርድና ነጭ ሸራ ጫማ ነበረኝ፤ ሸራው ሲያድፍ በትምህርት ቤቱ ጠመኔ ፈግፍጌ አነጣዋለሁ። ጭቃ ሲሆን ሸራዬን በእጄ ይዤ፣ ኮንጎ ጫማ አድርጌ እሄድና በር ላይ እቀይራለሁ። አፍሮዬማ አይነሳ! አሁን በዚህ በሳሳ ፀጉሬ ሻሽ ስጠመጥም ያች ልጅ ራሴ መሆኗን እጠራጠራለሁ።

ጽሕፈቴ ስለሚያምር የሸንጎው መርማሪ ኮሚቴ ጸሐፊ አደረጉኝ። በየትኛው መንግሥት ነበር ብትሉኝ ልዩነት የለውም፤ ሁሉም ሲመጣ ሸንጎ ያቋቁማል፣ ሁሉም ሲሄድ ጠረጴዛው ይጠፋል። የእኛ ሸንጎ የዙሪያውን የዳገት ቀበሌዎች የሚወክል ነበር፤ ዛሬ ስሙን የሚያስታውስ ሰው ፈልጋችሁ አታገኙም። ከላይ የሚታሰብ መመሪያ ሁሉ ሳይጸድቅ በፊት ረቂቁ ይላክልናል። በአቀስታ በኩል በሚመጣው አውቶቡስ ነው፤ ሾፌሩ ፖስታውን ከመቀመጫው ሥር አውጥቶ፣ አቧራውን ሱሪው ላይ አራግፎ ይሰጠኛል። ኮሚቴው ፊት ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። የማይነካን ከሆነ «አይተነዋል፣ ይሂድ» እጽፋለሁ። የሚነካን ከሆነ ደግሞ «ይቆየን፤ ገና እያየነው ነው» ብዬ ጽፌ፣ ማኅተም አስመትቼ፣ በዚያው አውቶቡስ እመልሰዋለሁ። ይቺ ቃል በጊዜዋ ከሄደች፣ መርምረን መልስ እስክንሰጥ ድረስ ባለሙያ ነኝ ባይ ሁሉ እኛ አገር አንዲት ችካል መትከል አይችልም። ጽዮን ይሄን ስነግራት አፏን ከፍታ ቀረች። «እንዴ! ይሄ እኮ እነሱ የሚኮሩበት ነገር ነው» አለች። እኛም ኮርተንበት ነበር፤ ኩራቱ ነው የበላን።

ሰብሳቢው መሪጌታ ልሳነወርቅ ነበሩ። ከእሳቸው ሌላ የጨርቅ ነጋዴው ሐጂ ሰይድና በየስብሰባው የሚያንቀላፉ፣ ስማቸው ከአእምሮዬ የጠፋ አንድ ገበሬ ነበሩ። መሪጌታን ልንገራችሁ። ጥቁር በርኖስ፣ ተፈሪ ሱሪ፣ እንደ በረዶ የነጣ ጥምጥም፣ በእጃቸው ጭራ። ማኅተሙን በጨርቅ ቋጥረው ከዳዊታቸው ጋር ማኅደር ውስጥ ይከቱታል፤ ማኅደሩ ደግሞ ካንገታቸው አይወርድም። የመጽሐፍ ቤት ሰው ናቸው። መጽሐፍ ቤት አንድ ቃል አንድ ፍቺ ብቻ የለውም፤ «አንድም» እየተባለ ፍቺ በፍቺ ላይ ይደረደራል፤ የመጨረሻው አንድም ሳይነገር መጽሐፉ አይዘጋም። መሪጌታ የመንግሥትን ረቂቅ የሚመረምሩት በዚሁ ስልት ነበር፤ መጀመሪያ ላይ ጉድ አሰኝተዋል። ባሕር ዛፍ ከእርሻ አጠገብ ይነቀል የሚል ረቂቅ መጥቶ «አጠገብ» የምትለዋን ቃል ፈትተው ፈትተው፣ በዚህ አያያዝ አገሩ በሙሉ የአገሩ በሙሉ አጠገብ ነው ብለው መለሱት። ረቂቁ እንደ ወጣ ቀረ። ገበሬው ተደስቶ፣ አዋጥቶ፣ አዲስ በርኖስ አለበሳቸው። ሰውየውን ያበላሻቸው ያ በርኖስ ነው እላለሁ። ከዚያ በኋላ ሲሄዱ መሬቱን አይረግጡትም ነበር።

ከዚያ የዳገቱ ረቂቅ መጣ። ገንዘቡን የሚሰጡት ፈረንጆች ስለሆኑ ሕጉም ከእነሱ ዘንድ ተረቅቆ፣ በየቢሮው እየተተረጎመ ነው የደረሰን። ነገሩ አጭር ነው። ዳገት የሆነ መሬት ከእንግዲህ አይታረስም፣ አይጋጥም፤ ተከልሎ ችግኝ ይተከልበታል። ባለ መሬቱ «እንደ አስፈላጊነቱ» ምትክ ይሰጠዋል። እህቴ የምትገባው እዚህ ላይ ነው። የሺ ባሏ ሞቶባት፣ ጽዮንን በጀርባዋ አዝላ፣ በእጇ የቀረች አንዲት የገብስ ማሳ ነበረች፤ እሷም ዳገት ላይ። እንዴት ያለ ዳገት መሰላችሁ! ስትዘሪ ካልተጠነቀቅሽ ዘሩ ተንከባሎ ጎረቤት ማሳ ይገባል። ግን ገብሱ ገብስ ነው፤ ከነልጇ ከዓመት ዓመት ያደርሳታል። ወሬውን ስትሰማ ጭቃውን እያቦካች ቤቴ መጣች። «አስካለ፣ ዛፉ አይተከል አላልኩም» አለችኝ። «ምትኩ ይቅደም፣ ዳገቱ ከዚያ በኋላ ይከለል በሉልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።» እኔም «አብሽሪ፤ መሪጌታ እያሉ ምን ትሆኛለሽ?» አልኳት። ያኔ ከልቤ አምኜ ነበር የተናገርኩት።

ምርመራው ተጀመረ። «እንደ አስፈላጊነቱ» የሚለው ላይ ስንደርስ መሪጌታ ጭራቸውን አነሡ። «እንደ አስፈላጊነቱ ማለት ለሚያስፈልገው ሁሉ ይሰጠዋል ማለት ነው» አሉ። «አንድም፣ ሰጪው ካላስፈለገው አይሰጥም ማለት ነው። አንድም፣ አስፈላጊው ዛፉ ነው እንጂ ሰውየው አይደለም ማለት ነው።» እጄ እስኪዝል ጻፍኩ። ሐጂ ሰይድ መቁጠሪያቸውን እያንከባለሉ ብዙ ታገሡና «ያ ረቢ! የኔታ፣ ይቺ እኮ በቂያችን ናት» አሉ። «ምትኩ ይቅደም ብለን እንጻፍና እንላከው።» መሪጌታ ፈገግ አሉ። «ሐጂ፣ ይሄ ጨርቅ ነው ወይ፣ በክንድ ለክተን ቀደን የምንሰጠው?» ሐጂም ዝም የሚሉ ሰው አይደሉም፤ «ያልቀደዱት ጨርቅ ማንን ያለብሳል የኔታ?» አሏቸው። ገበሬው ነቅተው ሳቁ፤ መልሰው ተኙ። መሪጌታ ግን ወደ ቀጣዩ ቃል አለፉ። «ዳገት» የሚለው ብቻ ስንት ስብሰባ ፈጀ! ዳገት ለወጪ ነው፤ አንድም ለወራጅ ቁልቁለት ነው፤ ስለዚህ ሕጉ ዳገት ሲል ለየትኛው ነው? እውነቱን ለመናገር መስማቱ ደስ ይል ነበር። አፋቸው ማር ነው። የሺ ገብሷን የምትዘራበት ወር ግን እየገባ ነበር።

የሁሉም ረቂቅ መሸኛ ላይ እንደሚጻፈው፣ በዚህኛውም ላይ እስከዚህ ቀን መልስ ካልመጣ እንደተስማማችሁ ይቆጠራል የሚል አለ። የተደበቀ ነገር አልነበረም፤ በስብሰባ ፊት ጮክ ብዬ ነው ያነበብኩት። ለወትሮው ቀኑ ሳይደርስ «ይቆየን» ብለን እንልካለን። የዚያን ጊዜ ቀኑ ሲቃረብ ወረቀቱን ጽፌ አቀረብኩላቸው፤ የቀረው ማኅተሙ ብቻ ነው። መሪጌታ ወረቀቱን አይተው ወደኔ ገፉት።

«አስካለ፣ ይቆየን ብሎ የሚለምን ተማሪ ነው» አሉኝ። «እኔ ልጅ ሆኜ የኔታ ፊት ቆሜ ንባቤን ስወጣ፣ የኔታ ዝም ካሉ አለፍክ ማለት ነው? አላለፍክም ማለት ነው! ቆመህ ትጠብቃለህ። እግርህ ቢዝል፣ ረኃብ ቢጠናብህ ትጠብቃለህ። መምህሩ ካልፈቀደ አይታለፍም። እነዚህም ቆመው ይጠብቁን።»

«የኔታ፣ እነሱ እኮ መጽሐፍ ቤት አልዋሉም» አልኳቸው።

«እንግዲያው ይማሩ።»

በቃ። ሰውየው ዝም ካሉ ሕጉ ቆሞ የሚጠብቃቸው መሰላቸው! ከላይ ያሉት ደግሞ ዝም ያለን ሁሉ እሺ አለ ብለው የሚያልፉ ናቸው። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው፤ ይሄኛው ዝምታ ግን ነቅዞ ዱቄት ሆነ። ሐጂ ሰይድ ለመኗቸው፤ እኔ እግራቸው ላይ ወደቅሁ፤ ማኅተሙ ካንገታቸው አልወርድ አለ። የሺ በየገበያው ቀን መናኸሪያው ጥግ፣ ካሴት ቤቱ በር ላይ ልጇን አዝላ ቆማ ትጠብቀኛለች። አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፍቶ ሲነሣ «ወረቀቱ ሄደ?» ትለኛለች። «አልሄደም።» የመጨረሻው ቀን አውቶቡስ ሲወጣ ምንም አልጠየቀችኝም፤ ፊቴን አይታ ነጠላዋን አጣፋችና ወደ ዳገቷ ወጣች።

ችካሉ የመጣው በጂፕ ነው። የሺ ጥማድ በሬዎቿን አስጠምዳ ማሳዋን እያስገለበጠች ነበር። እኔና ሐጂ ወሬ ሰምተን ስንደርስ ኮፍያ ያደረገ ባለሙያ በገመድ እየለካ፣ ሠራተኞቹ ችካሉን በመዶሻ እየመቱ ነው። ወዲያው መሪጌታ ከታች ብቅ አሉ። ያንን ዳገት በበርኖሳቸው እያለከለኩ፣ ጭራቸውን እያወዛወዙ ወጡት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

«አቁሙ! ምርመራችንን አልጨረስንም!» ይላሉ።

ባለሙያው ጨዋ ልጅ ነው፤ ኮፍያውን አነሣላቸው። «አባቴ፣ ቀኑ አልፏል። እናንተ ዝም አላችሁ እኮ።»

«ዝም ያልነው ስላልፈቀድን ነው!»

ሠራተኞቹ ሳቁ። መዶሻ የያዘው ልጅ መዶሻውን ጥሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ አሁንም ትዝ ሲለኝ መጀመሪያ ያስቀኛል፣ ከዚያ ያንገሸግሸኛል። የሺ ግን አልሳቀችም። የሚያርስላትን ጎረምሳ «ፍታቸው» አለችና በሬዎቹ ከቀንበር ሲወጡ ቆማ አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ሄዳ፣ ጎንበስ ብላ የመሪጌታን ጉልበት ሳመች።

«የኔታ፣ ጨረሱ?» አለቻቸው።

ያ ማር አፍ ደረቀ።

ምትክ መሬት አልተሰጣትም፤ እንደ አስፈላጊነቱ ስለሆነ አላስፈለገም። ከመሪጌታ አንድሞች ሁለተኛው ነበር ትክክለኛው፤ ማወቁንማ ያውቁታል ሰውየው፣ መላኩን እንጂ። የሺ በሬዎቿን ሸጣ ከተማ ወረደች። ከካሴት ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ ጠላ ጠመቀች፣ የሰው ልብስ አጠበች። በዚያ ብርድ፣ በዚያ የወንዝ ውሃ፣ ጣቶቿ ተሰነጣጥቀው ደም ይወጣቸው ነበር። ጽዮንን ያስተማረቻት በዚያ እጅ ነው። በየገበያው ቀን ደግሞ ሥራዋን ትታ መንገድ ዳር ትወጣለች። መሪጌታ ሲያልፉ ጎንበስ ትላለች፣ ጉልበት ትስማለች፣ በዚያ በጨዋ ድምፅ «የኔታ፣ ጨረሱ?» ትላቸዋለች። ስድብ የለ፣ እርግማን የለ። መጀመሪያ ሰሞን «ጥቂት ቀርቶናል ልጄ» ይሏት ነበር። በኋላ መንገድ መቀየር ጀመሩ። ግን መንገዱ አንድ ነው! መካነ ሰላም ውስጥ ወዴት ይሸሻል? ካሴት ቤት የሚውሉት ጎረምሶች ግጥም አወጡላቸው፤

መሪጌታ ሲፈታ አንድም እያለ፣
በየሺ ማሳ ላይ ጽድ በቀለ።

መሪጌታን «አንቱ» እንኳ አላሏቸውም። ቴፑ ሲደክም ይቺን ግጥም ይዘፍኑ ነበር። አንድ ቀን ሐጂ ሰይድ የሺን ጠርተው ለመኗት፤ «የሺ፣ አሁንስ አውፍ በያቸው፣ ይቅር በያቸው፤ ሰውየው እየመነመኑ ነው። ጀሊሉ ያይልሻል» አሏት። እሷም «ሐጂ፣ ምን በደልኳቸው? ጠየቅኳቸው እንጂ» አለች። ጭካኔ ነው ትሉ ይሆናል። ነው እንጂ! ማሳው የተወሰደበት ሰው ይፍረዳት። መሪጌታ ከሸንጎው ወጡ፣ ገበያ መውጣት ተዉ፣ ቤታቸው ተቀምጠው ያንኑ የዳገቱን ረቂቅ መፍታት ቀጠሉ አሉ። እስኪሞቱ ድረስ አልጨረሱትም።

ዛሬ ጋራው ለምለም ነው። ጽዱ ረዝሟል፤ በበጋ ትደርቅ የነበረችው ምንጭ ዓመቱን ሙሉ ትፈሳለች። ጽዮን ጠዋት እዚያ ወጥታ በስልኳ ፎቶ ስትነሣ ነበር። ሕጉ ለጋራው ደግ ነበር፤ ያ ነው ይበልጥ የሚያናድደኝ። ሁለት መስመር ተጽፎ፣ አንድ ማኅተም ተመትቶ ቢሆን፣ ጋራውም ይለመልም፣ እህቴም ከነገብሷ ትኖር ነበር። ሐጂ ሰይድም አልፈዋል፤ ጨርቅ ቤታቸው የሞባይል መሸጫ ሆኗል። ካሴት ቀጂው የት እንደ ገባ አይታወቅም። የሚገርመው፣ መሪጌታ ከሞቱ ጀምሮ የሺ ሙት ዓመታቸውን አስታጉላ አታውቅም። ነጭ ልብሷን ለብሳ፣ ማልዳ መጥታ፣ ዳሱ ውስጥ ትቀመጣለች፣ ትበላለች፣ ትጠጣለች። የመሪጌታ ልጅ ቄስ ታደሰ በመጨረሻ እንግዳውን አንድ በአንድ እየዞረ ያመሰግናል፤ ሁሉም «ነፍስ ይማር» ይለዋል። የሺ ጋ ሲደርስ ዝም ትለዋለች። እሱም እጅ ነሥቶ ያልፋል። አንድ ዓመት አይደለም፣ ዓመታት እንዲህ አለፉ።

ዘንድሮም ዞሮ ዞሮ እኛ ጋ ደረሰ። እኔ «ነፍስ ይማር» አልኩት፤ ጽዮንም አለች። የሺ ዝም አለች። ቄስ ታደሰ ደግ ሰው ነው፤ በደስታ ጎንበስ ብሎ «እማማ የሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አላት። «በየዓመቱ መጥተው ዝም ሲሉ፣ አባቴን ይቅር እንዳሉ ነው የምቆጥረው።»

የሺ ቀና ብላ አየችው። «ማን ቁጠር አለህ?»

ዙሪያችን ያለው ሰው ወደኛ ዞረ።

«አባትህ ዝምታን እንዲያ አላስተማሩንም» አለችው። «መምህሩ ዝም ካለ አላለፍክም ማለት ነው፣ ቆመህ ጠብቅ፤ ነበር የሚሉት። አስካለ ምስክሬ ናት።» ከዚያ ወደ ልጇ ዞረች። «ያ ያልሽው የአውሮጳ ኮሚቴ፣ ነገሩን ሲይዘው ምን ብሎ ነው የሚጽፍ?»

ጽዮን የእናቷን ክንድ ያዝ አደረገች። «እማ፣ ተይ…»

«ንገሪው።»

«ገና እያየነው ነው» አለች ልጅቱ፣ ድምፅዋ አልሰማ እያለ።

«እንደሱ ነው» አለችው የሺ ለቄስ ታደሰ። «ለአባትህ ነፍስ እንደሱ ብለህ ያዝልኝ። ይቆየኝ፤ ገና እያየሁት ነው።»

ቄስ ታደሰ ደንግጦ «እስከ መቼ እማማ?» አላት።

«ቀን አልተጻፈበትም» አለችውና ዋንጫዋን ወደ አሳላፊዋ ዘረጋች። «ቅጂልኝ ልጄ፣ ጠላው ጥሩ ነው።»